ያቺን ቀይ መስመር አጥፍቻታለሁ

ታህሳስ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለው አልጋዬ እንደ አሮጌ ሚኒባስ ወንበር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ነገሩን ለምደነው ነበር። አምፖሉ ሲወዛወዝ አይተን «መጣች» እንልና ወደ ስልካችን እንመለሳለን። የዚያን ሌሊቱ ግን ሌላ ነበር። መጠኑ ወደ 5.8 ነው፣ መነሻው አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ። ጎረቤቱ ሁሉ በጋቢና በነጠላ ደረጃው ላይ ተገናኘ። ገና ሊሆን ሦስት ቀን ነበር የቀረው፤ አንዱ ጎረቤታችን ለበዓል የገዛውን ዶሮ በብብቱ ይዞ ወርዷል። ላፕቶፔን ይዤ የወረድኩት እኔ በሱ ልስቅ አልችልም።

ላፕቶፑ ውስጥ ካርታዬ ነበረች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሠራኋት ቀላል ድረ ገጽ ናት፦ ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ክፍት ዳታ በየጥቂት ደቂቃው እየወሰደች መንቀጥቀጥ የተመዘገበበትን ቦታ በነጥብ ታሳያለች። ከነጥቦቹ ጀርባ ደግሞ አንዲት ቀይ መስመር አለች፤ ከአፋር ተነስታ በአዋሽ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ አድርጋ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። «የፕሌቶች ድንበር» የሚል ፋይል ከኢንተርኔት አውርጄ ነው የለጠፍኳት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስለቀው ሰው የወደደው ነጥቦቹን ሳይሆን መስመሯን ነው።

ሳይነጋ አዳማ ያሉት አክስቴ ደወሉ። «አንተ ልጅ፣ ያቺ ካርታህ ላይ እኛ ከመስመሯ ውስጥ ነን ውጪ?» አሉኝ። ካርታዋን አጎላሁና አየሁ። «ውጪ ነዎት እትዬ፣ አይዞዎት» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ በል እንግዲህ ልተኛ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ተኙም።

የሰጠሁት መልስ ስህተት ነበር። ርቀቱን አሳስቼ አይደለም። ጥያቄው ራሱ መልስ የሌለው ነው፣ እሳቸው እንዲጠይቁት ያደረግኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በአህጉር መካከል ያለ የፕሌት ድንበር የቀበሌ ድንበር አይደለም። ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴ ጥፋት ብቻ ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ እተወው ነበር። ግን መስመር የምንስለው ብዙ ነን።

«አፍሪካ ለሁለት ልትሰነጠቅ ነው» የሚለውን ቪዲዮ ያላየ እጁን ያውጣ። ሙዚቃው የታወቀ ነው፣ ድምፁም ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል። መጀመሪያ የሚመጣው ምስል ሁሌም ያ የኬንያ ስንጥቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከማይ ማሂዩ ወደ ናሮክ የሚወስደውን መንገድ የቆረጠው። በወቅቱ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ጂኦሎጂስቶች በቀናት ውስጥ ነገሩን አስረድተዋል፦ ከሥር የቆየ ስንጥቅ ኖረም አልኖረ፣ ያን ጉድጓድ ያጋለጠው ጎርፍ ነው፤ ለስላሳውን የእሳተ ገሞራ አመድ ጠርጎ ወሰደው። ማብራሪያውን ማን ያያል? ቪዲዮው ዛሬም ይዞራል።

ሁለተኛው ምስል የኛው ነው፣ እ.ኤ.አ. የመስከረም 2005 ዳባሁ። «60 ኪሎሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያለው ገደል በቅጽበት ተከፈተ» ይሉሃል። እንዲህ ያለ ገደል የለም። 60 ኪሎሜትር የተዘረጋው ከመሬት በታች የገባ የቅልጥ አለት ግድግዳ ነው፤ በሰፊው ቦታ 8 ሜትር ያህል ገፍቶ መሬቱን ግራና ቀኝ አራቀው። ላይ ላይ የታየው ብዙ ትናንሽ ስንጥቅና ዳኡሬ በሚባለው ቦታ ግማሽ ኪሎሜትር ያህል የሚረዝም አንድ አፍ ነው። እውነቱ ከቪዲዮው ይበልጥ ያስደንቃል እኮ። 2.5 ኪዩቢክ ኪሎሜትር የሚሆን ማግማ በሳምንታት ውስጥ ከእግራችን ሥር ተንቀሳቅሶ፣ ነገሩን በሙሉ ስፋቱ ያየው ከህዋ ላይ የሚዞር የሳተላይት ራዳር ነው።

አጋነኑ ብዬ አይደለም የምጣላቸው። ማጋነን ለምደናል። የምጣላቸው ጣታቸውን የሚቀስሩበት ቦታ ስህተት ስለሆነ ነው። ስንጥቁ ምልክት ነው። ነገሩ ያለው ውፍረቱና ሙቀቱ ላይ ነው።

ፕሌት የምንለው ሊቶስፌር ነው፦ የመሬት ቅርፊትና ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀዝቃዛና ድርቅ ያለ የማንትል ክፍል አብረው። ታችኛው ጠርዙ የሚወሰነው በሙቀት ነው። አለቱ ወደ 1300 ዲግሪ ሲጠጋ ሳይቀልጥም እንኳ ድርቀቱን ያጣና በሚሊዮን ዓመታት ቆጠራ መፍሰስ ይጀምራል። ሲበርደው የረጋ ቅቤ ማንኪያ ያጎብጣል፤ ምድጃ ዳር አስጠግተህ ብትመለስ ግን ቅቤው ያው፣ ማሰሮው ያው፣ ማንኪያው ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ «ፕሌቱ ወደ ጎን የት ያበቃል?» የሚለው ጥያቄ «ወደ ታች የት ያበቃል?» ከሚለው አይለይም። የሚሳሳው የሞቀበት ቦታ ነው፣ የሚለጠጠውም የሳሳበት ቦታ።

ለዚህ ከታንዛኒያ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ስምጥ ሸለቆው ከኛ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ለሁለት ይከፈላል። ምሥራቃዊው ክንፍ በኬንያ በኩል፣ ምዕራባዊው በአልበርትና በታንጋኒካ ሐይቆች በኩል ይዞራል። በመካከላቸው ያለው የታንዛኒያ ክራተን ነው፤ ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ቀዝቃዛና ወፍራም መሬት። እዚያ ከመሬት የሚወጣው ሙቀት በካሬ ሜትር ወደ 35 ሚሊዋት ነው፤ የአህጉራት አማካይ 65 ገደማ ነው። ያን የሚያህል ኃይል ሊሰብረው አልቻለም፣ ዞሮት ሄደ። ካርታ ላይ ቪክቶሪያ ሐይቅን ከከበቡት ሁለት ክንፎች በስተጀርባ ያለው ይህ የውፍረት ልዩነት ነው።

እኛ ጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢግል የተባለው ፕሮጀክት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የተሳተፈበት፣ ስምጥ ሸለቆውን በርዝመቱና በአግድሙ በሴይስሞግራፍ ደርድሮ መረመረው፤ መሣሪያዎቹ አንድ ሺህ ገደማ ነበሩ። ፈንጂ በጉድጓድ አፈንድቶ ድምፁ ከሥር ሲመለስ ማዳመጥ ነው ሥራው። የተገኘው ምስል መስመር አይደለም። ቅርፊቱ በሸለቆው ውስጥ ደቡብ ምዕራብ ላይ ወደ 40 ኪሎሜትር ይወፍራል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስትሄድ እየሳሳ የአፋር በር ላይ ወደ 26 ይወርዳል። ደናክል ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሌላ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት፣ ከአፋር ዳር ካለው ከፍታ ሥር 75 ኪሎሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ የሚታየው የሊቶስፌር የታችኛው ጠርዝ ከአፋር ሥር ሲደርስ ይጠፋል። ጠርዝ ተብሎ የሚጠራ ነገር አይታይም!

አሁን ቀይዋን መስመር የት ላስቀምጣት? አንኮበር ሥር ባለው ትልቅ ገደል ላይ? እሱ የድሮው በር ነው፤ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ወዲህ አብዛኛው እንቅስቃሴ ወደ ሸለቆው መሃል፣ የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ወደሚባለው ጠባብ ሰቅ ዞሯል። እሺ መሃሉ ላይ ላድርጋት? እንደዚያ ካደረግኩ እ.ኤ.አ. በ1961 ካራ ቆሬ ላይ የሆነው ምን ይባላል? ማጀቴን ያወደመው ያ መንቀጥቀጥ የደረሰው መሃል ላይ አይደለም፣ በአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ ነው። ፒየር ጉዌን፣ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ያቋቋሙት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ በዝርዝር ይገኛል።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። መሃሉ ሞቃት ስለሆነ ተሰባሪው የአለት ሽፋን ስስ ነው፤ በዋናው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መንቀጥቀጡ በአብዛኛው ከ15 ኪሎሜትር ጥልቀት በላይ ነው የሚነሳው። ከዚያ በታች አለቱ ከመሰበር ይልቅ ይለመጣል። ወደ ጠርዙ ስትወጣ ቀዝቃዛው ሽፋን ይወፍራል፤ ወፍራም ነገር ቢዘገይም ሲሰበር በትልቁ ሊሰበር ይችላል። እንግዲህ ለአክስቴ «ውጪ ነዎት» ማለት ምን ማለት ነው? አዳማ ራሷ ሸለቆው ውስጥ ናት። ጠርዝ ላይ ብትሆንም ኖሮ መልሱ «ይተኙ» አይሆንም ነበር።

አዲስ አበቤ ደግሞ «እኛ ከስምጥ ሸለቆ ውጪ ነን» ማለት ይወዳል። ከተማዋ ለምን እዚህ ተቆረቆረች? እ.ኤ.አ. በ1886 እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው ነው። ውሃው በስንጥቅ ወደ ጥልቁ ወርዶ ሞቆ በስንጥቅ ነው የሚመለሰው። ከተማችን የተሠራችው በዚሁ ድንበር ሙቀት ዙሪያ ነው፤ መቶ ዓመት በላይ ስንታጠብበት ኖረን ሲንቀጠቀጥ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» እንላለን።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ሌላኛው የምጣላው ወገን እዚህ ጋ ነው ያለው። የመጀመሪያው ወገን ያስፈራራል፣ ይሄኛው ያስጎመጃል። «እሳት ላይ ተቀምጠን መብራት ይጠፋብናል!» የሚል ፖስት በየሁለት ወሩ ይመጣል። ስሌቱን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያጓጓል። በካሬ ሜትር 65 ሚሊዋትን በአገሪቱ ስፋት፣ በ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎሜትር ስታባዛ ከ70,000 ሜጋዋት በላይ ይመጣል። በቃ፣ ሀብታም ሆንን።

አሁን ያንኑ ቁጥር ወደ ቤት አምጣው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ከመሬት በሚወጣው አማካይ ሙቀት አንዲት ምጣድ ለማስጋል፣ ምንም ሳይባክን፣ 54,000 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። ከሰባት የእግር ኳስ ሜዳ በላይ ማለት ነው፣ ለአንድ እንጀራ ጋጋሪ። ያውም ሙቀቱ ለብ ያለ እንጂ የሚጋግር አይደለም። ሙቀት አለ ማለትና ሙቀት ይገኛል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደግሞም ላይ ላይ የምንለካው ሙቀት ትናንት የተላከ አይደለም። አለት ሙቀት ለማስተላለፍ እጅግ ሰነፍ ነው፤ ጊዜው በውፍረቱ ካሬ ያድጋል። አሥር ኪሎሜትር አለት ለማቋረጥ በግርድፉ ሦስት ሚሊዮን ዓመት፣ መቶ ኪሎሜትር ለማቋረጥ ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት። ግምቱን በአሥር ብትቀንሰው እንኳ 30 ሚሊዮን ይቀራል። ሰሜን ተራሮችን የገነባው ታላቁ የባዛልት ጎርፍ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ከፕሌቱ ሥር የደረሰው ሙቀት በአለቱ ውስጥ እያዘገመ ደጋው ላይ ገና መድረሱ ነው! ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ የምታነበው ሎግ የ30 ሚሊዮን ዓመት መዘግየት ካለው «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ መተኛት አይቻልም። በዚህ ላይ ቅርፊቱ ውስጥ ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም የራሳቸውን ሙቀት ይጨምራሉ። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ለክተህ «ሊቶስፌሩ ይህን ያህል ይወፍራል» ማለት አትችልም፤ የሙቀቱን ልኬት ከሴይስሞግራፉ ጋር አጋጥመህ ነው የምታነበው።

ሸለቆው ውስጥ ግን አቋራጭ አለ። ማግማ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀቱን ተሸክሞ ይዞራል። እዚያ ቁጥሩ ያብዳል፣ ግን በጠባቡ ነው የሚያብደው። አሉቶን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በተራራው ጎን ተቆፍረው ሙቀታቸው የሚያሳፍር ሆነ፤ ሦስተኛው፣ ተራራው ላይ የተቆፈረው፣ ከ300 ዲግሪ በላይ አስመዘገበ። በሁለተኛው ላይ ተስፋ ቆርጦ ያቆመ ሰው ዛሬ «እዚያ ምንም የለም» ብሎ ይምል ነበር። በሦስተኛው የጀመረ ደግሞ «አገሩ ሁሉ እሳት ነው» ባለ።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ1998 ከ7 ሜጋዋት በጥቂት የሚበልጥ የሙከራ ጣቢያ ተተከለ፣ ብዙም ሳይቆይ ታመመ፣ እየተጠገነ እየቆመ ኖረ። ኬንያ የመጀመሪያዋን 15 ሜጋዋት ኦልካሪያ ላይ ያበራችው በዚያው በ1981፣ እኛ አሉቶ ላይ መቆፈር በጀመርንበት ዓመት ነው። ዛሬ ከ900 ሜጋዋት በላይ ታመነጫለች። ሸለቆው አንድ ነው። ማግማው የኬንያ ፓስፖርት የለውም። ልዩነቱ እነሱ መቆፈርና መለካት አለማቆማቸው ነው፤ እኛ «10,000 ሜጋዋት አቅም አለን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተሸክመን ዞርን።

እንግዲህ አስፈራሪውና አስጎምጂው አንድ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱም መለካት አይፈልጉም። አንዱ ስንጥቅ አሳይቶ፣ ሌላው ድምር ቁጥር አሳይቶ ይሄዳል። መሬቱ ሲረጋ ሁለቱም ይጠፋሉ። ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነስተው ድንኳን ውስጥ ከርመዋል። ስልኬ ላይ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ አዲሱ ውቅያኖስ ነበር። ውቅያኖሱ! ሸለቆው በዓመት 5 እና 6 ሚሊሜትር ነው የሚከፈተው፤ ጥፍርህ በዓመት ከዚያ ብዙ እጥፍ ያድጋል። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ጥያቄ «መቼ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ?» ነው። እሱን ለመመለስ ማግማው ስንት እንደገባ፣ ወዴት እያመራ እንደሆነ፣ ከላዩ ያለው አለት ምን ያህል ስስና ሞቃት እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል።

«ሰው ድንኳን ውስጥ እያለ ቴርሞሜትር ትላለህ?» ያለኝ ጓደኛ አለኝ። አዎ፣ እላለሁ። ርካሹ ነገር እኮ እሱ ነው። በየወረዳው የውሃ ጉድጓድ ይቆፈራል። ጉድጓዱ አርፎ ሙቀቱ ሲረጋጋ በየሃያ ሜትሩ ቴርሞሜትር ማውረድና የወጣውን አለት ናሙና ማስቀመጥ ነው። የሙቀቱ ጭማሪ በአለቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ሲባዛ የሙቀት ፍሰቱ ይገኛል፤ ከፎሪየር ዘመን ጀምሮ ያለ ሒሳብ ነው፣ ኢንጂነሪንግ የተማረ ሁሉ ተፈትኖበታል። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውሃ ሲያልፍበት ያታልላል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሺህ የሚያታልል ጉድጓድ አንድ ላይ ሲነበብ ውሃው ራሱ በየት እንደሚሄድ ይናገራል። ከዚያ ቁጥሮቹን ማንም በሚያወርደው ፋይል መልቀቅ። አፕ አያስፈልገውም፣ ሎጎ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኢንስቲትዩት ያሉ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። በመንቀጥቀጡ ሰሞን ሁሉም ካሜራ ይዞ ይከባቸው ነበር፤ የዛሬ ዓመት ማን እንደሚጠይቃቸው እናያለን።

መስመሯን ያጠፋኋት መጋቢት ላይ ነው። በምትኩ የታተሙትን የቅርፊት ውፍረቶች ጠርዙ በደበዘዘ ቀለም አስቀመጥኩ፣ ያልተለካውን ባዶ ተውኩት። የሙቀት ፍሰቱ ገጽ ደግሞ ደጋው ላይ ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። ጎብኚው በሳምንት ውስጥ ቀነሰ። አንዱ «ወንድሜ፣ መስመሯን የት አደረስካት? አሁን ምኑ ነው የሚታየው?» ብሎ ጻፈልኝ።

የዚያን ቅዳሜ አዳማ ወረድኩ። አክስቴ የሚተኙበትን ክፍል ሳይ፣ ከራስጌያቸው ጣሪያ የሚነካ ቁምሳጥን ቆሟል፤ ከላዩ ሁለት ሻንጣ፣ የሞተ ቴሌቪዥንና በጋዜጣ የተጠቀለለ የሸክላ ድስት። ያን ሌሊት እዚህ ሥር ነው «ይተኙ» ያልኳቸው። ሻንጣዎቹን አወረድኩ፣ ድሪልና የማዕዘን ብረት ይዤ ስለነበር ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ጋር ላስረው ጀመርኩ። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ።

«መስመሯስ?» አሉ።

«አጠፋኋት እትዬ።»

«አጠፋኋት ማለት? መሬቱ ላይ የለችም እንዴ?»

«እንደዚያ አይደለችም። ሰፊ ናት፣ እኛ ሁላችንም ውስጧ ነን።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ያን ሌሊት ለምን ውጪ ነዎት አልከኝ?» አሉኝ። ድሪሉን አስነሳሁት። እሱ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቁኝ፣ ከዚያ ጥያቄውን ደገሙት።